ስኮሊዮሲስ ይዞ መወዳደር፦ ስፖርተኞችና ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

1500 ሜትር እሮጥ ነበር። ጀርባዬ ላይ 31 ዲግሪ የሚለካ ኩርባ አለ። ውድድር ካቆምኩ በኋላ ወሬው ከሰው ሰው ተላልፎ ስልኬ መጮህ ጀመረ። አንዳንዱ ስፖርተኛ ነው፣ አንዳንዱ አሰልጣኝ፣ አብዛኛው ግን የተደናገጠ ወላጅ ነው። የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ራጃችሁን አይቶ የሚወስነው የአጥንት ስፔሻሊስት ነው። እኔ የማካፍላችሁ ያነበብኩትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና በራሴ ጀርባ ያየሁትን ነው።

ስኮሊዮሲስ ጉብጠት ማለት ነው?

አይደለም። ጉብጠት ወደ ፊት ነው፣ ስኮሊዮሲስ ወደ ጎን። ከኋላ ሲታይ ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት አከርካሪ አንድ ቦታ ወይም ሁለት ቦታ ወደ ጎን ይታጠፋል። በዚያ ላይ ደግሞ ይጠመዘዛል፤ ልብስ ሲጨመቅ እንደሚዞረው። ሲዞር የጎድን አጥንቶቹን አብሮ ይጎትታቸዋል። ከጀርባ በአንድ ወገን ወጣ ብሎ የሚታየው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ልዩነት ማወቅ በተለይ እኛ አገር ይጠቅማል። እኛ ጋ የጎበጠ ጀርባ ሲታይ አንዳንዴ መነሻው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢው አጥንቱን ይበላውና ጀርባው ይሰበራል። እሱ በመድኃኒት የሚታከም ኢንፌክሽን ነው፣ ጊዜ አይሰጥም። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላው ነው። ከ10 ሰው 8ቱ ላይ መነሻው አይታወቅም፣ ሐኪሞቹ «ኢዲዮፓቲክ» ይሉታል። በጉርምስና ዕድሜ ካሉ 100 ልጆች 2 ወይም 3ቱ ላይ ይገኛል። ትንሹ ኩርባ ሴትና ወንድ አይመርጥም። ትልቁ ግን በብዛት ሴቶች ላይ ነው።

አንድ ሌላ ዓይነትም አለ። አንዱ እግር ከሌላው ሲያጥር ዳሌ ይዘምማል፣ ጀርባም ተከትሎ ይታጠፋል። ሰውየው ሲቀመጥ ግን ኩርባው ይጠፋል። ይህ እውነተኛ ስኮሊዮሲስ አይደለም። አንዳንዴ ጫማ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማስተካከያ ይበቃዋል።

መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ቤት ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው ልብስ ሰፊ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ሲለካ ጥለቱ በአንድ በኩል ከፍ ይላል። ሰፊው ያስተካክለዋል፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ይሆናል። እኔን ያየችኝ እህቴ ናት። ማሊያዬን ስታወልቅልኝ «ጀርባህ ላይ ምን ተደረገ?» አለችኝ። አስራ አምስት ዓመቴ ነበር።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፍተሻ አለ። ልጁ ሸሚዙን ያውልቅ፣ እግሩን ይግጠም፣ መዳፎቹን አጋጥሞ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት ያጎንብስ። እናንተ ከኋላው ሆናችሁ ዓይናችሁን ከጀርባው ጋር አስተካክሉና እዩ። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ወደ ሐኪም ሂዱ። ዘዴው የእንግሊዛዊው ሐኪም የዊሊያም አዳምስ ነው፣ ከ1865 ጀምሮ አለ። ይኸው እስካሁን የተሻለ ርካሽ ዘዴ አልመጣም።

ሐኪሙ ራጅ ያዝዛል። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ፤ ራጁ *ቆማችሁ* የሚነሳ፣ ሙሉውን አከርካሪ የሚያሳይ መሆን አለበት። ተኝታችሁ ከተነሳችሁ ኩርባው አንሶ ይታያል። በተቻለ መጠን ከጀርባ በኩል ይነሳ፤ ጡት ላይ የሚደርሰው ጨረር ይቀንሳል። ወጣት ሴቶች በየጊዜው ስለሚነሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስፖርቱ ነው ያመጣብኝ?

አይደለም። ቦርሳም አይደለም፣ የትምህርት ቤት ወንበርም አይደለም፣ እናታችሁ «ቀጥ በል» ስትላችሁ ስላልሰማችሁም አይደለም። ቤተሰብ ውስጥ ይመላለሳል፤ አክስት ወይም ወንድም ላይ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

የሪትሚክ ጂምናስቲክ ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። ቡልጋሪያ ውስጥ በ2000 የወጣ ጥናት 100 ልጃገረድ ጂምናስቶችን አይቶ 12ቱ ላይ ስኮሊዮሲስ አግኝቷል። ስፖርቱን ከማይሠሩ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ አሥር እጥፍ ነው። ባሌት ዳንሰኞች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ተመራማሪዎቹ ከሚጠረጥሯቸው ነገሮች መካከል ከልጅነት ጀምሮ የሚለጠጥ ሰውነት፣ በምግብ እጥረት የዘገየ የወር አበባና በአንድ ወገን ብቻ የሚደጋገም ጫና ይገኙበታል። የምግቡ ነገር ለሯጮችም ይመለከታል። አንዲት ልጅ 16 ዓመቷ ሆኖ የወር አበባ ካላየች «ሯጭ ስለሆነች ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። አጥንቷ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሬ ተነገረኝ። ምን ማለት ነው?

የኮብ ዲግሪ ይባላል። አሜሪካዊው ጆን ኮብ በ1948 ያወጣው አለካክ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ስኮሊዮሲስ አይባልም። ከ10 እስከ 25 ባለው ክትትል ይበቃል። ከ25 እስከ 40 ሆኖ ልጁ ገና እያደገ ከሆነ ብሬስ (ጀርባን ዙሪያውን ይዞ የሚደግፍ ጠንካራ መያዣ) ይታሰባል። ከ45 ወይም ከ50 በላይ ሲሆን የኦፕሬሽን ወሬ ይመጣል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። የ28 ዲግሪ ኩርባ የ12 ዓመት ልጅ ላይ አስጊ ነው፣ የ24 ዓመት ሰው ላይ ያን ያህል አያሳስብም። ልዩነቱን የሚያመጣው ቀሪው ዕድገት ነው። ሐኪሙ ራጁ ላይ የዳሌውን አጥንት ጠርዝ አይቶ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 0 ማለት ብዙ ማደግ ይቀረዋል፣ 5 ማለት ጨርሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ለሐኪሙ *እውነተኛውን* ዕድሜ ንገሩት። ለክለብ ወይም ለፌዴሬሽን የተሞላውን አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። በወረቀት 16 የሆነ፣ በአጥንት 20 የሆነ ልጅ ብሬስ ሊታዘዝለት ይችላል፣ ያለ ጥቅም። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል።

ሌላ ነገር፤ ባለፈው 22 የነበረው ዘንድሮ 25 ቢሆን አትደንግጡ። አለካኩ ራሱ እስከ 5 ዲግሪ ይሳሳታል። የጠዋትና የከሰዓት ራጅም ሊለያይ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስትውሉ ጀርባ ይሰክናል። ስለዚህ ክትትሉን በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል በአንድ ቦታ አድርጉት።

ስፖርት ማቆም አለብኝ?

በጣም የምጠላው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጥፋት የለበትም፤ የምጠላው የሚሰጠው መልስ ነው። «ጀርባህ ጠማማ ነው፣ ሩጫ ተው» የተባሉ ልጆች አውቃለሁ። አንዱ አሁን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል፣ ጀርባውን ያመዋል፣ ስኮሊዮሲሱ አልተቀየረም። ያጣው ጡንቻውን ብቻ ነው።

ስፖርት ኩርባውን አያባብሰውም። በኦፕሬሽን ያልተነካ ጀርባ ያለው ሰው የማይሠራው ስፖርት የለም ማለት ይቻላል።

ዩሴይን ቦልትን ሁሉም ሰው ያውቃል። በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ፣ 200 ሜትርን በ19.19 ሮጠ። ጀርባው ስኮሊዮሲስ አለበት፣ የቀኝ እግሩም ከግራው ያጥራል። በ2004 አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ በጉዳት ሲያነክስ ከመጀመሪያው ዙር ነው የወጣው። ከዚያ ግሌን ሚልስ የሚባል አሰልጣኝ ያዘው። ሆዱን፣ ወገቡንና ጀርባውን ማጠንከር የየዕለት ሥራ ሆነ። የቀረውን ዓለም አይቶታል።

ከዚህ በላይ የሚገርመኝ በ2017 አሜሪካ ውስጥ አሯሯጡን ያጠኑ ሳይንቲስቶች ያገኙት ነው። ቀኝ እግሩ መሬት ሲመታ የሚያሳርፈው ከፍተኛ ኃይል በ13 በመቶ ይበልጣል። ግራው ደግሞ መሬት ላይ በ14 በመቶ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። የዓለም ፈጣኑ ሰው ያነክሳል ማለት ይቻላል! ተመራማሪዎቹም አሯሯጡን እኩል ማድረግ ፈጣን ያደርገዋል ብለው አልደመደሙም። ይህን ሳነብ አንድ የልጅነት አሰልጣኜ ትዝ አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ትከሻህን እኩል አድርግ» እያለ ጮኸብኝ። ትከሻዬ እኩል አይሆንም ነበር። እኔ ደግሞ ሰነፍ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

ክብደት አንሺዎች ደግሞ ላማር ጋንትን ይጥሩ። አሜሪካዊ ነው፣ ስኮሊዮሲሱ ከባድ ነበር። በ1985 በዴድሊፍት (ክብደትን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) የሰውነቱን ክብደት አምስት እጥፍ አነሳ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። 60 ኪሎ የማይሞላ ሰው 300 ኪሎ! ይህን የምነግራችሁ ሄዳችሁ እንድትሞክሩት አይደለም፤ «ስኮሊዮሲስ ያለበት ክብደት አይነካም» የሚለው ወሬ እንዲቀር ነው።

ብሬስ አድርጌ መወዳደር እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ለልምምድና ለውድድር ይወልቃል፣ ሲያበቃ ይመለሳል። ሐኪማችሁ በቀን ስንት ሰዓት እንዳዘዘ ጠይቁና ስፖርቱን በቀሪው ሰዓት አስገቡት። ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 23 ሰዓት ይታዘዛል።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በ2013 የታተመ ትልቅ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ነበር። ብሬስ ካደረጉት ልጆች 72 በመቶው ኦፕሬሽን የሚያስፈልግበት ደረጃ ሳይደርሱ አደጉ። ካላደረጉት ግን 48 በመቶው ብቻ። በቀን ወደ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደረጉት ላይ ውጤቱ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ሄደ። ማስቀመጫ ውስጥ ያለ ብሬስ ምንም አይሠራም። ብሬሱ ኩርባውን አያጠፋም፤ ባለበት ይይዘዋል። ወላጆች ይህን ሳያውቁ ይገቡበትና «ጀርባዋ አልተስተካከለም» ብለው ያስወልቃሉ።

ጎልፈኛዋ ስቴሲ ልዊስ በ11 ዓመቷ ተነገራት። ሰባት ዓመት ተኩል ያህል በቀን 18 ሰዓት አደረገችው። የምታወልቀው ለመጫወት ነበር። የቴኒስ ተጫዋቹ ጄምስ ብሌክም ከ13 ዓመቱ ጀምሮ ለዓመታት በቀን 18 ሰዓት አድርጎ በ2006 የዓለም 4ኛ ደረጃ ደረሰ።

ተግባራዊ ምክር፦ ከውስጥ ስፌቱ የማይቆረቁር የጥጥ ካኒቴራ ይልበሱ፣ ሳይሸበሸብ። ላብ ያለበት ቆዳ ላይ ብሬስ አይመለስም፤ መጀመሪያ ታጠቡ፣ አድርቁ። ቆዳው ቀልቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ካልለቀቀ ብሬሱን የሠራው ባለሙያ ያስተካክለው። እኔ ብሬስ አላደረግሁም። እህቴ ብታየውም በሐኪም ሲታወቅልኝ ዕድገቴ አልቆ ነበር። ቢነግሩኝ ኖሮ አደርገው ነበር ወይ? በ15 ዓመቴ? አላውቅም፣ ምናልባት እደብቀው ነበር።

ዋና ያስተካክለዋል ይባላል። እውነት ነው?

አያስተካክልም። ዋና ጥሩ ስፖርት ነው፣ ትንፋሽ ያሰፋል። ኩርባውን አይቀንስም። በብረት መንጠልጠልም እንዲሁ፤ ተንጠልጥላችሁ ስትወርዱ ጀርባው ወደነበረበት ይመለሳል።

ወጌሻ ጋ ልሂድ?

ሁለት ዓይነት ወጌሻ አለ። የክለቡ ወጌሻ ጡንቻ ያላላል፣ ይጠቀልላል። እሱ ችግር የለበትም፣ ማሸት ሕመም ያቀላል። የሰፈሩ ወጌሻ ግን «ወልቋል፣ ልመልሰው» ካለ ተነስታችሁ ውጡ። አልወለቀም። የሚመለስ ነገር የለም። አከርካሪ ውስጥ ነርቭ ያልፋል፣ በኃይል የተጠመዘዘ ጀርባ ሊጎዳ ይችላል።

ጸበልም ይጠይቁኛል። ሂዱ፤ እናቴም ወስዳኛለች። የራጁን ቀጠሮ ግን እንዳታሳልፉ። እያደገ ያለ ልጅ ላይ ስድስት ወር ብዙ ነው።

ልምምዴ ላይ ምን ልቀይር?

እዚህ ጋ ቁጭ ብለን እናውራ።

መጀመሪያ ግቡን አስተካክሉ። ግቡ እኩል ጀርባ አይደለም፤ ጫናውን የሚሸከም ጀርባ ነው። ስለዚህ ለኮር፣ ማለትም ለሆድ፣ ለወገብና ለጀርባ ጡንቻ፣ ጊዜ መድቡ። የጅምናስቲኩ ክፍል ሩጫ ሲያልቅ ደክሟችሁ በጥድፊያ የምታልፉት መሆን የለበትም። በሳምንት ሦስት ቀን 20 ደቂቃ፣ ሳትቸኩሉ።

በአንድ ወገን የሚሠሩ እንቅስቃሴዎችን ምረጡ። በሁለት እግር ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስትሠሩ ጠንካራው ወገን ሳታውቁት የደካማውን ሥራ ይሠራለታል። በአንድ እግር ሲሆን ግን የሚደበቅበት የለም። የጎን ፕላንክም (በጎን ሆኖ በአንድ ክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ከደካማው ወገን ጀምሩ። ደካማው 25 ሰከንድ ከቻለ ጠንካራውም 25 ላይ ይቁም። በመጀመሪያው ወር እኔ በግራ 40 ሰከንድ ስቆይ በቀኝ 15 ላይ እወድቅ ነበር። እንዴት እንዳፈርኩ!

ሯጮች ደግሞ ስለምትሮጡበት ቦታ አስቡ። ትራክ ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የምንዞረው። የአስፋልት መንገድ ከመሀል ወደ ዳር ያዘቀዝቃል፣ በአንድ ዳር ብቻ የሚሮጥ ሰው አንድ እግሩን ያሳጠረ ያህል ነው። እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ጫካ ውስጥ በዛፎቹ መሀል ዚግዛግ የሚሮጠው ነገር ለእኛ ዓይነት ሰው ትልቅ ስጦታ ነው። እግር አንድ ዓይነት እርምጃ አይደግምም፣ ጀርባም በሁለቱም ወገን ይሠራል። የቀላል ሩጫ ቀናችሁን እዚያ አድርጉት። ትራክ ላይ ስታሟሙቁ ደግሞ ሌላው ሰው እስካልተረበሸ በተቃራኒው ዙሩ።

ጫማችሁን ገልብጣችሁ እዩ። የአንዱ ተረከዝ ከሌላው ቀድሞ ካለቀ ስለ እግር ርዝመት ፊዚዮቴራፒስት ያየው። በራሳችሁ ሶል ቆርጣችሁ አታስገቡ፤ አንዳንዴ አካሉ ለዓመታት የተላመደውን ታፈርሱበታላችሁ።

ሽሮት የሚባል ዘዴም አለ። ካታሪና ሽሮት ጀርመናዊት ነበረች፣ ራሷ ስኮሊዮሲስ ነበረባት፣ ከ100 ዓመት በፊት ያህል በራሷ ሰውነት ላይ ነው የጀመረችው። ሰውየው እንደ ኩርባው ዓይነት ይቆማል፣ ከዚያ አየሩን ወደ ውስጥ ወደጎደጎደው ወገን እየመራ ይተነፍሳል። ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ከቪዲዮ ኮርጆ መሥራት አይሆንም፤ ኩርባችሁ በቀኝ ሆኖ የግራውን ልትሠሩ ትችላላችሁ። የሠለጠነ ባለሙያ ካገኛችሁ ጥቂት ጊዜ እንኳ አብራችሁት ሥሩ።

ሰውነታችሁ በቀላሉ የሚለጠጥ ልጆች፣ በተለይ ጂምናስቶችና ዳንሰኞች፣ መለጠጡን ቀንሱና ጥንካሬ ላይ ሂዱ። ከእናንተ የሚጎድለው መለጠጥ አይደለም።

ትንፋሽ ያጥረኛል። ከጀርባዬ ነው?

ምናልባት፣ ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ኩርባው ደረት ላይ ሆኖ 70 ዲግሪ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው ሳንባ በግልጽ የሚጨናነቀው። የ30 ዲግሪ ሰው ከሌሎቹ ወደኋላ ከቀረ መጀመሪያ የብረት ማነስን፣ አስምን፣ የልምምዱን ብዛት ይመርመር። ከቆላ ከተማ መጥቶ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያለከልክ ሰው ጀርባውን አይክሰስ። ኩርባው ትልቅ ከሆነ ግን የሳንባ ምርመራ ጠይቁ፤ ቱቦ ውስጥ በኃይል መንፋት ነው፣ አያምም።

የትኛው ሕመም ያስፈራል?

ከረጅም ሩጫ በኋላ በኩርባው ዙሪያ የሚመጣ የጡንቻ ድካም የተለመደ ነው። በማግስቱ ይቀላል።

ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የእግር መደንዘዝ ወይም መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ካለ ሐኪም ጋ ዛሬውኑ። ደረት ላይ ያለው ኩርባ የተለመደው ወደ ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ከሆነ ሐኪሙ ኤምአርአይ ሊያዝ ይችላል። ይህ ጥንቃቄ ነው፣ አትሸበሩ።

ሌላ ደግሞ አለ። ጦር ወርዋሪ፣ ከፍታ ዘላይ፣ ጂምናስት ወይም የክሪኬት ፈጣን ኳስ ወርዋሪ ልጅ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወገቡን አንድ ቦታ ላይ የሚወጋው ከሆነ፣ የአከርካሪ አጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ከስኮሊዮሲሱ ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ «ጀርባው ጠማማ ስለሆነ ነው» እየተባለ ወራት ያልፍበታል። ዕረፍት ነው ሕክምናው፣ ቀድሞ ከተያዘ ብዙ ጊዜ ይድናል።

የሕመም ማስታገሻ ከዶፒንግ ጋር ችግር አለው?

አለው፤ ይህንን በደንብ አንብቡ። ትራማዶል ከጥር 2024 (በፈረንጆች) ጀምሮ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። ቀድሞ ሯጩ ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይይዘው ነበር፣ አንዳንዱ አሁንም አልሰማም። ዴክሳሜታሶንን የመሰለ የስቴሮይድ መርፌም ከ2022 ጀምሮ በውድድር ወቅት በየትኛውም የሰውነት ክፍል መወጋት አይቻልም። «በውድድር ወቅት» የሚባለው ከውድድሩ ዋዜማ ሌሊት ከስድስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል። መድኃኒቱ ግን ሰውነት ውስጥ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፣ አስቀድማችሁ በሐኪም ወረቀት አመልክቱ።

ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አልተከለከሉም። ያም ሆኖ ውኃ ሳይጠጡ በሙቀት ረጅም ከሚሮጥ ሰው ኩላሊት ጋር አይስማሙም፣ ከማራቶን በፊት አትዋጡ።

ኦፕሬሽን ከተደረገልኝ እመለሳለሁ?

አብዛኛው ይመለሳል። በተለመደው ኦፕሬሽን አከርካሪዎቹ በብሎንና በዘንግ ተይዘው አንድ አጥንት እንዲሆኑ ይደረጋል። የተያያዘው ክፍል ከዚያ በኋላ አይታጠፍም። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት አከርካሪ፣ እስከ የት?» ነው። ደረት ላይ ብቻ ከሆነ ሯጭ ብዙም አይጎድልበትም። ወገብ ድረስ ከወረደ ግን ለጂምናስትና ለተፋላሚ ከባድ ነው። ከኦፕሬሽኑ በፊት ይህን ጥያቄ ለሐኪሙ በስፖርታችሁ ስም ጠይቁ።

ጊዜውን ሐኪሙ ይወስናል። ብዙዎቹ ንክኪ የሌለበትን ስፖርት ከ3 እስከ 6 ወር፣ ንክኪ ያለበትን ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈቅዳሉ። አንዳንዶቹ ከባድ ግጭት ያለበትን ጭራሽ አይፈቅዱም።

ስቴሲ ልዊስ ብሬሱን ያን ሁሉ ዓመት አድርጋም በ2003 ወደ ኦፕሬሽን ገባች። አንድ ዘንግና አምስት ብሎን። በ2011 የመጀመሪያዋን ትልቅ ውድድር አሸነፈች፣ በ2013 የዓለም አንደኛ ሆነች። ጎልፍ ወገብን የሚያሽከረክር ስፖርት መሆኑን አትርሱ። አሜሪካዊቷ የግድግዳ መውጣት ስፖርተኛ ካይራ ኮንዲ ደግሞ በ13 ዓመቷ አሥር አከርካሪዎቿ ተያይዘዋል። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ግድግዳ ወጥታለች። ጀርባዋ በማይታጠፍበት ቦታ እግሯንና ዳሌዋን በሌላ መንገድ ታዞራለች።

ለሚያድጉ ልጆች ዘንግ በሌለበት፣ በገመድ የሚሠራ ኦፕሬሽንም መጥቷል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 ፈቀደው። ጀርባው እንደ ልብ መተጣጠፉን አያጣም። ገመዱ ግን ሊበጠስ ይችላል፣ ለሁሉም ኩርባም አይሆንም።

አገራችን ውስጥ የገንዘቡና የቦታው ነገር ይከብዳል። አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የኖሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ለብዙ ዓመታት ከባድ ኩርባ ያላቸውን ኢትዮጵያውያን አክራ ወደሚገኘው ፎከስ ሆስፒታል ሲልኩ ኖረዋል። ሆስፒታሉን የመሠረቱት ጋናዊው የአከርካሪ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ-አጄይ ናቸው። የሚሄዱት ግን ኩርባቸው እጅግ የገፋ ሰዎች ናቸው። የ40 ዲግሪ ሯጭ ለዚያ ወረፋ አይደለም የሚያስበው።

ለአሰልጣኜ ልንገር?

ንገሩት። እኔ አልተናገርኩም፤ ከቡድን እቀነሳለሁ ብዬ። ውጤቱ ትከሻዬን እያስተካከልኩ መሮጥ ሆነ። ስትነግሩት ራጁንና ሐኪሙ የጻፈውን ይዛችሁ ሂዱ። «ጀርባዬ ጠማማ ነው» ካላችሁት ይፈራል። «31 ዲግሪ ነው፣ ዕድገቴ አልቋል፣ የተከለከልኩት የለም፣ የጎን ጥንካሬ ሥራ ያስፈልገኛል» ካላችሁት ግን የሚሠራበት ነገር ሰጣችሁት።

ስለ መልክ እጨነቃለሁ። በውድድር ልብስ ይታያል።

ይታያል። ይህንን በተለይ ሴት ልጆች ይጠይቁኛል፣ አንዳንዶቹ በዚህ ብቻ ስፖርት ያቆማሉ። ማሊያው ከተቻለ አንድ ቁጥር ከፍ ይበል፣ የጡት መያዣው ማሰሪያ በሁለቱም ወገን ለየብቻ የሚስተካከል ይሁን። ከዚህ በላይ የማውቀው ዘዴ የለኝም። መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አድርጌ የቆምኩባቸው ዓመታት ነበሩ። ውድድር ሲጀመር ግን ሁሉም ከኋላዬ እንዲያዩኝ ነበር የምፈልገው፣ ቀድሜ እንድሄድ።

ልጆቼም ይይዛቸዋል?

ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ የግድ ግን አይደለም። ከ10 ዓመታቸው ጀምሮ በዓመት ሁለቴ አጎንብሰው እዩአቸው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ኤርፖርት ላይ ብረቱ ይጮሃል?

ቲታኒየም ብዙ ጊዜ አይጮህም። ከሐኪም አንድ ወረቀት ያዙ፣ በቃ።

አንተስ አሁን እንዴት ነህ?

ባለፈው ዓመት የተነሳሁት ራጅ 33 ዲግሪ አለ። በ5 ዲግሪው ስህተት ውስጥ ነው፣ ማለትም አልተንቀሳቀሰም። እሁድ እሁድ ጫካ እሮጣለሁ። ሦስት ሳምንት ጎን ፕላንኩን ከተውኩ ቀኝ ወገቤ ይነግረኛል። የግራ ጫማዬ ዛሬም ቀድሞ ያልቃል።